ያልተዘጋ ክብ፦ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የተለቀሙ ትዝብቶች

ቡታጅራ ካፌ መስታወት ላይ የሚለጠፉትን የዋይፋይ ምልክቶች ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ብዙዎቹ ስሕተት ናቸው። ምልክቱ ከታች አንድ ነጥብ፣ ከበላዩ ሦስት ያልተዘጉ ቅስቶች ነው። ሦስቱ ቅስቶች አንድ መሀል ሊኖራቸው ይገባል፤ መሀሉም ያ የታችኛው ነጥብ ራሱ ነው፤ ሞገዱ ከዚያ ተነሥቶ እየሰፋ ይሄዳልና። ስቲከር ቆራጩ ግን አንዱን ቅስት ይስልና ሁለት ጊዜ ቀድቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሦስቱም እኩል ይጎብጣሉ፤ ከነጥቡ የተነሣ አንድም የለም።

ሒሳቡ ይህን ያህል አይከብድም። ነጥቡ ወደ ቀኝ 50፣ ወደ ታች 80 ላይ ይቀመጥ። ሬዲየሶቹ 20፣ 40 እና 60 ይሁኑ። እያንዳንዱ ቅስት ግራና ቀኝ 45 ዲግሪ ከተከፈተ፣ ጫፎቹ ከነጥቡ ወደ ጎን 14.14፣ 28.28 እና 42.43 ይርቃሉ፤ ወደ ላይም በዚያው ልክ። ስቲከር ቆራጩ በእጁ ኮምፓስ ቢይዝ ኖሮ አይሳሳትም ነበር። ኮምፒውተር ላይ ግን መቅዳት ከመሳል ይቀላል።

፨

የጉራጌ ጎጆ ቤት ወለሉ ከላይ ሲታይ ያልተዘጋ ቅስት ነው፤ በር አለውና። ከጀፎረው፣ ከዚያ ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ተነሥቶ ወደ ቤት የሚገባ እንግዳ የሚያልፈው በቅስቱ ክፍተት ነው። ስለ ባህላዊ ቤቶች ድረ ገጽ የሚሠራ ተማሪ ፕላኑን በፎቶ ከሚጭን በኤስቪጂ ቢስለው ይሻለዋል።

ኤስቪጂ ሥዕልን በቀለም ነጠብጣብ ሳይሆን በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። የድረ ገጽ ደንቦችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በዘጠነኛ ዕትሙ፣ በ2011፣ ማንበብ እስኪጀምር ድረስ ግን ብዙ ሠሪዎች ሸሽተውት ቆዩ። ዛሬ በሁሉም ስልክ ላይ አለ፤ ትንሹ ስልክ ላይም አይደበዝዝም፣ ትልቁ ስክሪን ላይም አይሰባበርም።

የቤቱ ግድግዳ በኤስቪጂ እንዲህ ይጻፋል (ፊደሎቹን በስማቸው ልጥራ)፦ ኤም 43.05 89.39 ኤ 40 40 0 1 1 56.95 89.39። ኤም ብዕሩን አንሥቶ የበሩ ግራ መቃን ላይ ያስቀምጣል። ኤ ቅስቱን ይስላል፤ ከእሱ በኋላ ሰባት ቁጥር ይመጣል። ሁለቱ ሬዲየሶች ናቸው፣ አንዱ ለአግድም አንዱ ለቁመት። ሦስተኛው ቅርጹ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይናገራል፤ ለእውነተኛ ክብ ምንም ለውጥ ስለማያመጣ 0 ነው። ከዚያ 0 ወይም 1 ብቻ የሚሆኑ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች፤ በመጨረሻም ብዕሩ የሚያርፍበት የቀኝ መቃን። አሥር አሐድ እንደ አንድ ሜትር ከተቆጠረ የቤቱ ወርድ 8 ሜትር፣ የበሩ ስፋት 1 ሜትር ከ39 ነው። ትእዛዙ በሙሉ ከነክፍተቱ 39 ቁምፊ ነው። በፎቶ የሚጫን ፕላን ግን ዳታ ቆጥሮ ለሚገዛ አንባቢ ዋጋ አለው።

ጎጆ የሚሠራ ሰው ችካል ይተክላል፣ ገመድ ያስራል፣ ይዞራል። የሚያውቀው መሀሉንና ርቀቱን ነው። ኤስቪጂ መሀሉን ጨርሶ አይጠይቅም። ከየት ትነሣለህ፣ የት ትደርሳለህ፣ ሬዲየስህ ስንት ነው ይላል፤ መሀሉን ራሱ አስልቶ ያገኘዋል። ለዚህ ነው ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ላይ የሚደናገረው። ሌላው የድረ ገጽ መሣሪያ፣ ካንቫስ፣ እንደ ቤት ሠሪው መሀልና ሬዲየስ፣ መነሻና መድረሻ ማዕዘን በራዲያን ይቀበላል። የኤስቪጂ ደንብ ጸሐፊዎች ያንን የተዉበትን ምክንያት ጽፈውታል፦ የፓዝ (የብዕሩ መንገድ) ትእዛዝ ሁሉ አዲስ ነጥብ ላይ ማለቅ አለበት፤ ቀጣዩ ትእዛዝ ከዚያው ይቀጥል ዘንድ። ግድግዳው ካለቀ በኋላ አጥሩን መቀጠል ለሚፈልግ ሰው ይህ ትክክል ነው። ግድግዳውን ብቻ ለሚስል ሰው ግን ሳይንና ኮሳይን ውስጥ ይከተዋል፤ መሀሉ 50 በ50፣ ሬዲየሱ 40 ከሆነ፣ በ100 ዲግሪ ላይ ያለው መቃን የት ነው ብሎ ራሱ ማስላት አለበት።

ሲያሰላም አንድ ነገር ይጠብቀዋል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቁመት ቁጥር ወደ ላይ ሲወጡ ያድጋል፤ ስክሪን ላይ ወደ ታች ሲወርዱ ያድጋል። ትምህርት ቤት 90 ዲግሪ ሰማይ ነበር፤ እዚህ መሬት ነው።

በነገራችን ላይ መጨረሻው ላይ ዜድ የሚለውን ፊደል የጨመረ ሰው በሩን በቀጥታ መስመር ዘጋው ማለት ነው። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ኮድ ላይ ይህቺ ዜድ አትጠፋም።

፨

ሁለቱ ማብሪያ ማጥፊያዎች ለብቻቸው ሊወራላቸው ይገባል። በሁለት ነጥቦች ላይ በአንድ ሬዲየስ የሚያልፉ ክቦች ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ ክብ ደግሞ ረጅምና አጭር መንገድ አለው። ስለዚህ አራት ቅስት ይሳላል። የመጀመሪያው ቁጥር ረጅሙን ነው አጭሩን ይላል፤ ሁለተኛው በሰዓት አቅጣጫ ነው በተቃራኒው ይላል።

በቤታችን ላይ እንሞክረው። 1 1 ሙሉውን ግድግዳ ሰጠን። 0 0 ብንል ግድግዳው ጠፍቶ የበሩ ደፍ ብቻ ይሳላል፤ ክፍት የነበረው ተዘግቶ፣ የተዘጋው ተከፍቶ። 1 0 ብንል ቤቱ ከበሩ ወዲህ ማዶ ይተከላል፤ በር ለበር የገጠመ፣ ከስክሪኑም ወጥቶ የተቆረጠ ቤት። 0 1 ደግሞ ደፉን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ከሰባቱ ቁጥሮች አምስቱ ሳይነኩ ነው ይህ ሁሉ።

ለተማሪ በቃል ሲነገር የማይገባው፣ አደባባይ ላይ ወስደው ቢያሳዩት ይገባዋል። ኢትዮጵያ በቀኝ ስለምትነዳ አደባባይ የሚዞረው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር 0። ከደቡብ ገብቶ ወደ ምዕራብ የሚወጣ መኪና በምሥራቅና በሰሜን በኩል 270 ዲግሪ ይዞራል፤ 1 0። ባጃጁ ግን ትራፊክ ከሌለ በቀጥታ ወደ ግራ ይታጠፍና በ90 ዲግሪ ይገላገላል፤ 0 1። መነሻው አንድ፣ መድረሻው አንድ፣ ክቡም አንድ። እ.ኤ.አ. በ1964 አገሪቱ ከግራ መንጃ ወደ ቀኝ መንጃ ስትዞር የአደባባዮቿ ሁሉ ሁለተኛ ቁጥር ከ1 ወደ 0 ተለወጠ ማለት ነው።

፨

የመጀመሪያ ቅስቱን የሳለ ሰው የሚያገኘው መስመር ሳይሆን ጥቁር ድፍን ነው። ኤስቪጂ ካልከለከሉት በቀር ክፍቱን ቅርጽ እንደ ተዘጋ ቆጥሮ በጥቁር ይሞላዋል። «ሙሌት የለም» ብሎ መጻፍ ግድ ነው። ከጀማሪዎቹ ግማሹ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ፎቶ የሚመለስ ይመስለኛል።

፨

እቁብ ወደ ስልክ እየገባ ነው፤ ወደ ስልክ ያልገባ ምን ቀረ። አሥራ ሁለት ሰው ያለበትን እቁብ የሚያሳይ ገጽ አስቡ። ዕጣ በወጣ ቁጥር አንድ ቀለበት በ30 ዲግሪ ይሞላል። ሠሪው ልጅ በሦስተኛው ዕጣ ሞከረው፣ አማረ። በአምስተኛው ሞከረው፣ አማረ። ለእቁብተኞቹ ላከ።

በሰባተኛው ዕጣ ቀለበቱ ይበላሻል። ስድስት ዕጣ 180 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ረጅሙ ስለሆነ የመጀመሪያው ማብሪያ ማጥፊያ 1 መሆን ነበረበት። ልጁ 0 ብሎ ትቶታል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ያደርጋል፤ አጭሩን መንገድ ፈልጎ በሌላ ክብ ላይ ይስለዋል፤ ቅስቱም ከቀለበቱ ወጥቶ ወደ ጎን ይንጠለጠላል። ይህ ስሕተት ከግማሽ በታች ለሞከረ ሰው ለዘላለም አይታይም።

የባሰው ግን አሥራ ሁለተኛው ነው። ዕጣው ሁሉ ወጥቶ እቁቡ ሲያልቅ ቀለበቱ ሙሉ ክብ ይሆናል ሲባል ጭራሽ ይጠፋል። ደንቡ ግልጽ ነው፦ መነሻና መድረሻ አንድ ነጥብ ከሆኑ ቅስቱ ይዘለላል። ትክክልም ነው፤ በአንድ ነጥብ የሚያልፉ ክቦች ስፍር ቁጥር የላቸውም፣ የትኛውን ይሳል? ለእቁብ ሰብሳቢው ግን ይህን ማስረዳት ይከብዳል። አሥራ አንድ ጊዜ ሲሞላ ያየውን ቀለበት በአሥራ ሁለተኛው ባዶ ሲያገኘው የሚጠይቀው ስለ ክብ አይሆንም፤ ስለ ገንዘቡ ነው።

መፍትሔው ሁለት ግማሽ ቅስት አገጣጥሞ መሳል ነው። የተሻለም አለ፦ ሙሉ ክብ ይሳልና መስመሩ እንደ ሰረዝ ይቆራረጥ፤ አንዱ ሰረዝ የሚፈለገውን ያህል፣ የቀረው ክፍተት። የክቡ ሬዲየስ 15.915 ከሆነ መጠነ ዙሪያው 100 ስለሚሆን በመቶኛ ያለው ቁጥር ሳይሰላ ይገባል። እንዲህ ከተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ የሚባል ነገር ራሱ አያስፈልግም። ሰባቱን ቁጥሮች ያስተማርኩትን ተማሪ ቀጥዬ የማስተምረው መቼ እንደማያስፈልጉ ነው።

፨

«ፕሮጀክቱ 95 በመቶ ደርሷል።» ይህን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ የለም። አሁን ደግሞ በቀለበት ይሣላል፤ ወፍራም መስመር፣ ጫፎቹ ሸሚዝ እንዳይቀዱ የተባለ ይመስል ክብ የሆኑ። ክብ ጫፎች ግን ከመስመሩ መጨረሻ በውፍረቱ ግማሽ ያህል አልፈው ይወጣሉ። ሬዲየሱ 40፣ ውፍረቱ 12 ከሆነ እያንዳንዱ ጫፍ በ6 አሐድ፣ ማለትም በ8.6 ዲግሪ ገደማ ይረዝማል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ17 ዲግሪ ይበልጣሉ። የቀረው 5 በመቶ ደግሞ 18 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ጫፎች ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም፤ ስልክ ላይ ክፍተቱ አይታይም።

እንዲህ ነው ያላለቀ መንገድ በሥዕል የሚያልቀው። ማንም አልዋሸም፤ ቁጥሩ 95 ነው፣ ዲግሪውም ትክክል ነው። ጠፍጣፋ ጫፍ ይደረግ፣ ወይም የጫፉ ርዝመት ከቅስቱ ይቀነስ። ክብ ጫፍ ያምራል፤ ለዋይፋይ ምልክቱ ያምራል፤ ለሪፖርት ግን አይሆንም።

፨

የቅስት ነገር ሁሉ የሚጠቃለለው ማኅተም ላይ ነው። እድሩ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የስፖርት ክለቡ፤ ሁሉም ክብ ማኅተም አለው፣ ሁሉም ስሙን በክቡ ዙሪያ ያስጽፋል። ድረ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል ሲከፍት ደግሞ አርማውን ከማኅተሙ ይወስዳል። በኤስቪጂ ጽሑፍ በክብ ላይ እንዲሄድ መጀመሪያ የማይታይ ፓዝ ይሳላል፤ ከዚያ ጽሑፉ በፓዙ ላይ እንዲጓዝ ይታዘዛል። የቀደመው ደንብ ለዚህ የሚቀበለው ፓዝን ብቻ ነበር፤ «ክብ» የሚለውን ቅርጽ አይቀበልም። ስለዚህ ማኅተም የሚሠራ ሰው ወደደም ጠላም ቅስት መማር ነበረበት።

ቡታጅራ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ አንድ የእድር ሰብሳቢ ረቂቁን ከወዲያ ወዲህ እያዞሩ ሲያዩት ነበር።

«ልጄ፣ ቡታጅራ የሚለው ለምን በጭንቅላቱ ቆመ?»

«ጋሼ፣ ክብ ስለሆነ እኮ ነው። ወረቀቱን ቢያዞሩት ይነበባል።»

«እኔስ አዞራለሁ። ባንክ ያለው ሰውዬ ያዞርልኛል?»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ልጁ አንድ ክብ ስሎ ጽሑፉን ዙሪያውን አስኪዶታል፤ ታች ሲደርስ ፊደሉ ተገለበጠ። ሁለት ቅስት ነበር የሚያስፈልገው። የላይኛው ከግራ ተነሥቶ በሰዓት አቅጣጫ ወደ ቀኝ። የታችኛውም ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ፣ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፤ ሁለተኛው ማብሪያ ማጥፊያ 0። ያኔ የከተማው ስም ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ግን እዚህ ላይ ሌላ ነገር ይመጣል፣ ብዙ ዲዛይነር የሚያልፈው። በላይኛው ቅስት ፊደሎቹ ከመስመሩ ወደ ውጭ ይቆማሉ፤ በታችኛው ወደ ውስጥ። ሁለቱም በአንድ ሬዲየስ ከተሳሉ የላይኛው ስም ዳር ላይ ይወጣል፣ የታችኛው ወደ መሀል ይሰምጣል። የፊደሉ ቁመት 8 ከሆነና የላይኛው ቅስት 36 ከሆነ የታችኛው 44 መሆን አለበት። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ በየቢሮው በር ላይ የተለጠፉ አርማዎችን አይቶ የትኛው ሠሪ ይህን እንደሚያውቅ መለየት ይቻላል።

የግእዝ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብራውዘሩ ፊደሉን አያጎብጠውም፤ እንዳለ አዙሮ ወገቡ ላይ ያቆመዋል። ቀጭን ፊደል አይታወቅበትም። ሐ፣ ጠ፣ ጨ ግን ሦስት እግር አላቸው። በላይኛው ቅስት መሀለኛው እግር መስመሩን ይረግጣል፣ የጎን እግሮቹ አየር ላይ ይቀራሉ። በታችኛው የጎን እግሮቹ መስመሩን አልፈው ይወጣሉ፤ የማኅተሙን ውጫዊ ቀለበትም ይነካሉ። «ጠቅላላ» የሚል ቃል ያለበት ትንሽ ማኅተም ላይ ጠ ሁልጊዜ እንዳዘመመ የሚታየው ለዚህ ነው። መፍትሔው ፊደሉን ማሳነስ ወይም ክቡን ማስፋት ነው፤ ደንበኛው ግን ስሙ በሙሉ ይግባ፣ ማኅተሙም አይተልቅ ይላል።

በጉራጊኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላ ችግር ይጨመራል። የግእዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደልን በሚለዩበት የጋራ መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉት እንደ ᎀ፣ ᎄ፣ ᎈ እና ᎌ ያሉት 16 ፊደሎች በ2005 ተጨመሩ፤ ሌሎች 28 የጉራጊኛ ፊደሎች ደግሞ በ2021፣ በዩኒኮድ 14። ስልኩ ፎንቱ ከሌለው ቅስቱ ላይ የሚቆመው ባዶ ሣጥን ነው። ዲዛይነሩ ይህን ለማምለጥ ጽሑፉን ወደ ከርቭ ይቀይረዋል፤ ፊደሉ ፊደል መሆኑ ይቀርና ተራ ፓዝ ይሆናል። በየስልኩ አንድ ዓይነት ይታያል። ፍለጋ ግን አያገኘውም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው መሣሪያም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቢያንስ ከሥዕሉ ጋር ስሙን በጽሑፍ ማኖር ይገባል፤ ኤስቪጂ ለዚህ ቦታ አለው፣ የሚሞላው ግን የለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አርማ በቬክተር፣ ማለትም እንደ ኤስቪጂ ባለ ፋይል፣ ድረ ገጽ ላይ መጫን ጥሩ ነው። የሚፈረምበትን ማኅተም ራሱን በቬክተር መጫን ግን ለማንም አታሚ ቅርጹን በነፃ መስጠት ነው።

፨

የፊደል ገበታችን የሚጀምረው ባልተዘጋ ቅስት ነው፤ ሀ። ሙሉ ክብ የሚመስለው ዐ ደግሞ ፎንት ውስጥ ክብ አይደለም። በትሩታይፕም ሆነ በፖስትስክሪፕት ፎንት ውስጥ ኤ የሚባል የቅስት ትእዛዝ የለም፤ ያለው የቤዚየ ኩርባ ነው፤ ፒየር ቤዚየ ሬኖ ፋብሪካ፣ ፖል ደ ካስተልዦ ሲትሮየን ፋብሪካ ሆነው ለመኪና አካል የሠሩበት ሒሳብ። በፖስትስክሪፕቱ ዓይነት አራት ኩርባ ክብ ሲሠራ ከእውነተኛው ክብ የሚርቀው ከሬዲየሱ 10,000 እጅ 3 እጅ እንኳ አይሞላም። ዓይን አያየውም። ስለዚህ ኮረልድሮው በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ወደ ከርቭ የተቀየረ ማኅተም ኤስቪጂ ሆኖ ሲወጣ ውስጡ አንድም ኤ አይገኝም፤ ሁሉም ኩርባ ነው። ሬዲየሱን ቁጥር ለውጦ ማስተካከል የፈለገ ሰው የሚይዘው ያጣል።

፨

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ጢያ አለ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ የተቀረጸባቸው። ጎራዴ አለ፣ ክብም አለ። ድንጋዩን ለድረ ገጽ የሚስል ወጣት ክቡን ሲያይ እጁ ወደ ኤ ይሄዳል። እኔ አልመክርም። ድንጋይ ጠራቢው በእጁ የቀረጸው ክብ አንድ ጎኑ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፤ የት እንደ ጀመረም አንዳንዴ ይታያል። ሰባት ቁጥር ይህን ሁሉ ይደመስሰዋል። እዚያ ላይ ፎቶውን ከሥር አኑሮ ነጥብ በነጥብ መከተል ነው፤ ፋይሉ ቢከብድም ይክበድ።

ከቡታጅራ ወደ ደቡብ፣ ስልጤ ዞን ውስጥ ያለው ሀረ ሸይጣን ሐይቅም እንዲሁ ነው። ከሰማይ የተነሣ ምስል ላይ በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል፤ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነውና። የድረ ገጽ ካርታዎች የሚጠቀሙበት ጂኦጄሰን የሚባለው ፋይል ግን ክብም ቅስትም አያውቅም፤ ነጥብ፣ መስመርና ባለ ብዙ ጎን ብቻ። ሐይቁ በብዙ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይከበባል። እዚህስ እጥረቱ ጠቅሞናል፤ የሐይቁ ዳርቻ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ ክብ አይደለም።

፨

በሁለቱም ከተሞች ሰው በየቀኑ ብዙ ጊዜ የሚያየው ያልተዘጋ ቅስት የትኛው ነው ብባል፣ ኔትወርክ ሲደክም ስክሪን ላይ የሚሽከረከረውን እላለሁ። ሰው ዓይኑን ተክሎ ያየዋል፣ «እየመጣ ነው» ይላል። ቅስቱ ግን ስለሚመጣው ነገር ምንም አያውቅም። ከገጹ ጋር አስቀድሞ ደርሷል፤ መስመሩ ቢቆረጥም ይሽከረከራል። ክፍተት ያለው መሽከርከሩ እንዲታይ ብቻ ነው፤ ሙሉ ክብ ቢሽከረከር የቆመ ይመስላል። ሐቀኛ ሠሪ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ አጥፍቶት «ግንኙነት የለም» ብሎ ይጽፋል።

፨

ሬዲየሱ ካነሰ ኤስቪጂ አይቆጣም። ሁለቱ ነጥቦች በ60 ተራርቀው ሬዲየሱን 10 ብትለው፣ 10 እንደማያደርስ አይቶ ዝም ብሎ ወደ 30 ያሳድገዋል። ይህን የሚያውቁ ሰነፎች (ከእነሱም አንዱ ነኝ) ሬዲየሱን 1 1 ብለው ይጽፉና ነጥቦቹ ቢያንስ በ2 እስከ ተራራቁ ድረስ ልክ ግማሽ ክብ ያገኛሉ። ሒሳብ የለም፣ ካልኩሌተር የለም። የማያውቁት ደግሞ ሬዲየሱን 12 ወደ 14፣ 14 ወደ 18 እያሉ ይለዋውጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይንቀሳቀስም፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

፨

አርማ የሚሞተው ቴሌግራም ላይ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሰው «ሎጎውን ላክልኝ» ይላል፣ ዲዛይነሩ በፎቶ ይልካል፣ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ ያ የደበዘዘው ደግሞ ለሚቀጥለው ዲዛይነር ይላካል። «እንደ ፋይል ላከው» የሚል ሰው ብርቅ ነው። ዋናው ፋይል ኮምፒውተሩ ከተሸጠ ልጅ ጋር ነበር፤ ልጁም አዲስ አበባ ገብቷል።

በዞንና በክልል ስም መለዋወጥ ምክንያት ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤት አርማውን እንደገና ማሠራት ነበረበት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የደብዳቤው ራስጌ፣ ማኅተሙ፣ ድረ ገጹ ሁሉ አዲስ ስም ጠየቀ። ቅስቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ መቀየር በቂ ነበር፤ ቅስቱ የቀረው ግን በደበዘዘ ፎቶ ውስጥ ብቻ ነው።

ያም ቢሆን ይመለሳል። ከደበዘዘው ክብ ላይ ግልጽ ሆነው የሚታዩ ሦስት ነጥቦች መምረጥ፤ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው በመስመር ማገናኘት፤ በእያንዳንዱ መስመር ወገብ ላይ ቀጤ ነክ መስመር ማቆም። ሁለቱ የሚቋረጡበት መሀሉ ነው፣ ከመሀሉ እስከ አንዱ ነጥብ ያለው ርቀት ሬዲየሱ። ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። አርማው ደብዳቤው ራስጌ ላይ እንዲሞላ ተብሎ ወደ ጎን ከተወጠረ ግን ሦስት ነጥብ አይበቃም፤ መጀመሪያ ወርዱንና ቁመቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። ኤ ሁለት ሬዲየስ ስለሚቀበል ሞላላውን እንዳለ መከተልም ይቻላል። አንዳንድ ድረ ገጽ ላይ ያለው አርማ እንዲህ የተሳለ ነው፤ ከማኅተሙ አጠገብ ሲያስቀምጡት ወርዱ ይበልጣል።